የአባባ እግር በሽማግሌ ፊት

አባቴ አቶ ደምሌ ዕድሜያቸውን ሙሉ አርሰዋል፤ ስማቸው የታወቀው ግን በእርሻ አይደለም፣ በሽምግልና ነው። ከእስቴ እስከ ስማዳ ባልና ሚስት ሲጣሉ፣ ወንድማማች በድንበር ሲካሰስ፣ «ደምሌ ይጠሩ» ይባላል። እሳቸውም ዱላቸውን ይዘው ይነሣሉ። ዳገቱን ወጥተው ቁልቁለቱን ወርደው፣ የተጣላውን አስታርቀው፣ ማታ ቤታቸው ይገባሉ።

ባለፈው ዓመት ግን ቀኝ ባታቸውን ይይዛቸው ጀመር። ትንሽ ሄደው ይቆማሉ፤ ሲቆሙ ይተዋቸዋል፤ ሲሄዱ ይመለስባቸዋል። መታመማቸው እንዳይታወቅ በቆሙበት ያገኙትን ሰው ሁሉ ይዘው ስለ ልጁ፣ ስለ ላሙ፣ ስለ አማቱ ይጠይቁታል። መንደሩ ምን አለ? «ደምሌ ሲያረጁ እንዴት ያሉ ሰው አክባሪ ሆኑ!» አለ። ከገበያ ወደ ቤት የሚመለሱት የሰውን ሁሉ ጤና ጠይቀው ሲጨርሱ ነው።

እኔ ከእስቴ ከተማ ከመካነ ኢየሱስ ዳር ነው የምኖረው። ሲብስባቸው ወደ እኔ አመጣኋቸው፤ ካልሲያቸውን ሳወልቅ አውራ ጣታቸው ላይ ያለውን ቁስል አየሁት። ዳሩ ጠቁሯል። እግሩ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ቀዝቃዛ ነው። አስረኛ ክፍል ድረስ ተምሬያለሁ፤ ባዮሎጂ መጽሐፍ ላይ የደም ዝውውር ምን እንደሚመስል አይቻለሁ። የተማረ ሰው ክፋቱ፣ የሚፈራውን ነገር በሥዕል ማየቱ ነው።

ባሕር ዳር ይዣቸው ሄድኩ። እዚያ ዩኒቨርሲቲ ጤና የምታጠናው ልጄ ራሄልም አብራን ገባች። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ወረቀት ላይ እግር ሣለልን። ወደ እግር ደም የሚወስደው ቧንቧ በስኳርና በስብ ተዘግቷል አለ። ኪኒኑና ስኳርን መቆጣጠሩ ለዘላለሙ የማይቀር ነው፤ እርምጃውም ይጠቅማል፤ ነገር ግን ቁስል ስላለ እሱ ብቻውን አይበቃም። ወይ ቧንቧውን በፊኛ መክፈት፣ ወይ በቀዶ ጥገና ሌላ መንገድ መቀጠል። «ብዙ አትቆዩ፤ እግሩ አደጋ ላይ ነው» አለንና አንድ መሣሪያ አነሣ።

አባባ በጥሞና ሰሙ። ከዚያ ዱላቸውን አነሡ።

«ሐኪም ልጄ፣ እግዜር ይስጥህ። ግን አንድ ሰው የሁለቱንም ወገን ነገር ሲናገር ሰምቼ ፈርጄ አላውቅም። ለየራሱ ተናጋሪ ይኑረው» ብለው ወጡ። ቀጥታ ወደ መናኸሪያ ሄዱ። አንከስ እያሉ ነው የሄዱት፤ እኔ ግን አልደረስኩባቸውም።

ከዚያ በኋላ የሆንኩትን አትጠይቁኝ። በሐሳቤ እግራቸውን ቆርጬ ጨርሼ ክራንች እያማረጥኩ ነበር። እንዲያውም ገበያ ወርጄ ጫማ ሻጩን አንዱን እግር ለብቻው ይሸጥ እንደሆነ ጠየቅሁት። «እህቴ፣ ሌላኛውን ማን ይገዛኛል?» አለኝ። ይህንንም ሰምቼ አለቀስኩ።

በመጨረሻ ስማዳ ወገዳ ላሉት ወንድሞቼ ደወልኩ። ትልቁ ጌታነህ እህል ይነግዳል፤ ታናሹ አበባው ገበሬ ነው። «አባባ አልታከምም ብለዋል፤ ቶሎ ኑና ለምኗቸው» አልኳቸው። እነሱም ለልመናው ክብደት እንዲሆን የአባባን የነፍስ አባት ቄስ ወልደ ገብርኤልን ጨምረው በጌታነህ መኪና ተነሡ። መንገድ ላይ ጎማ ፈንድቶባቸው መኪናው ውስጥ አደሩ። ስለዚህ ደጄ የደረሱት ጎሕ ሲቀድ ነው።

ጎሕ ሲቀድ፣ ጋቢ ለብሰው፣ ቄስ አስቀድመው፣ በእንቅልፍ እጦት ዓይናቸው ቀልቶ፣ ምንም ሳይናገሩ የሚመጡ ወንዶች ምን ይዘው እንደሚመጡ ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቃል። ውሃ ልቀዳ ጀሪካን ይዤ ስወጣ ከበሩ ላይ አየኋቸው። እኔው ራሴ እንደጠራኋቸው ከአእምሮዬ ጠፋ። አባባ ውስጥ ሲያንኮራፉ ይሰማኛል፤ እሳቸው አይደሉም። ባለቤቴ ላሟን እያለበ ነው፤ እሱም አይደለም። የቀረችው ራሄል ናት! ጀሪካኑን ጥዬ «ወየው ልጄን!» ብዬ ጮኽሁ።

ጌታነህ ደግሞ እኔ ስጮህ ሲያይ «አባባ አለፉ፣ ሳንደርስ ቀረን» ብሎ ጋቢውን ወርውሮ ደረቱን መታ። አበባው ወንድሙን አይቶ መሬት ተቀመጠ። ቄስ ወልደ ገብርኤል መስቀላቸውን አውጥተው ጸሎተ ፍትሐት ጀመሩ።

ጎረቤቴ ላቀች ለዚህ ዓይነት ነገር አትዘገይም። ነጠላዋን አደግድጋ፣ «ጋሼ ደምሌ፣ አስታራቂው፣ ሰላምተኛው!» እያለች በአጥር ዘላ ገባች። እሷን ሰምቶ መንደሩ መጣ። የዕድሩ ዳኛ አቶ ምስጋናውም ጎረምሶቹን አስከትለው ደረሱ። አባባ ሲታመሙ መክረማቸውን ስለሚያውቁ ማንንም አልጠየቁም፤ ድንኳኑ ይተከል አሉ። እኔ «ልጄ፣ ልጄ» እያልኩ ስለማለቅስ ደግሞ ሰው ሐዘኑ አናውጧት ነው አለኝ። ድንኳኑ ቆመ። አግዳሚው ተደረደረ።

በዚህ መሐል አባባ ከእንቅልፋቸው ነቁ። ለቅሶ ሰሙ። ለቅሶ ሰምተው የሚቀሩ ሰው አይደሉም፤ ጋቢያቸውን በወጉ አጣፍተው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ እያነከሱ ወጥተው ከላቀች አጠገብ ተቀመጡ። ላቀች ዓይኗን ጨፍና ደረቷን እየመታች ነው።

«ነፍስ ይማር» አሉ አባባ ዝግ ብለው። «ማን ነው ልጄ ያረፈው?»

«ጋሼ ደምሌ ናቸዋ!» አለች ላቀች ዓይኗን ሳትከፍት።

«የትኛው ደምሌ?»

ላቀች ዓይኗን ገለጠች። እንደዚያ ያለ ጩኸት በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ቄስ ወልደ ገብርኤል ፍትሐቱን መሐል ላይ አቋርጠው «በስመ ሥላሴ» አሉ። አበባው አባቱን ሊያቅፍ ዘሎ ሲመጣ የድንኳኑን ገመድ ጠልፎ ግማሹን ድንኳን በሰው ላይ ጣለው። ከሸራው ሥር የጌታነህ ድምፅ «ታዲያ ማን ነው የሞተው?» ይላል። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ።

«ራሄል!» አልኩ።

«ማን ነገረሽ?»

ማንም አልነገረኝም። ያን ጊዜ እንባዬ እየወረደ ሳቅ መጣብኝ፤ አንዴ ከጀመረኝ ደግሞ አልቆም አለኝ። ላቀች ተከተለችኝ። ሸራውን ሲያነሡት ከሥሩ ያሉት ሁሉ ሆዳቸውን ይዘው ነበር።

አቶ ምስጋናው ብቻ አልሳቁም። «ለቅሶ ሳይኖር የተተከለ ድንኳን እንዲሁ አይነቀልም፤ ገድ የለውም» አሉ። «አንድ ጉዳይ ይታይበት።»

«እንግዲያው የእግሬ ነገር ይታይ» አሉ አባባ። «ሰውም ሞልቷል።» ብለውም ተነሥተው፣ ከልማዳቸው፣ ከሽማግሌዎቹ መሐል ሊቀመጡ ሄዱ።

«ኧረ አይሆንም!» አሉ አቶ ምስጋናው። «ዛሬ ባለጉዳይ ነዎት። ወዲያ ማዶ ይቀመጡ።»

አባባ በዚያ ወገን ተቀምጠው አያውቁም። ግራ ገብቷቸው አግዳሚውን በእጃቸው ዳሰሱት።

«ከማን ጋር ነው ጠብዎ?»

«ከቀኝ እግሬ።»

«ዋስ ይጥሩ።»

አባባ ቄስ ወልደ ገብርኤልን ጠሩ። ቄሱም «ለሽማግሌ ቃል ባይገዙ በእኔ ይሁን» አሉ።

«ለእግሩስ ማን ዋስ ይሆናል?» ሲባል ላቀች ብድግ አለች። «እኔ! ስንት ጊዜ ደጄ ላይ ቆሞ ጤናዬን ጠይቆኛል። ዋስ ያንሰዋል?»

መጀመሪያ ጌታነህ ስለ ፊኛው ተናገረ። ስልኩ ላይ ሲያነብ ስለሰነበተ አፉ አልተያዘም። «በጭን በኩል በትንሽ ቀዳዳ ቀጭን ቱቦ ይገባል። የተዘጋው ጋ ሲደርስ ጫፉ ላይ ያለው ፊኛ ይነፋል፤ ቧንቧው ይከፈታል። ተመልሶ እንዳይጠብብ የሽቦ ወንፊት ይተዉለታል። አባባ ነቅተው፣ እያወሩ ነው የሚሠራላቸው።»

«እያወሩ ከሆነማ ሐኪሙ አለቀለት» አለ ከኋላ አንዱ።

«ፊኛው ቢፈነዳስ?» አልኩ እኔ። «ቱቦው መንገድ ቢስትስ? ወንፊቱ ተነቅሎ ልባቸው ቢገባስ?»

«የትናየት፣ ተራሽ አይደለም» አሉኝ አቶ ምስጋናው።

አበባው ስለ ቀዶ ጥገናው ተናገረ። «መስኖ ቦይ ላይ ቋጥኝ ቢወድቅባችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ጌታነህ በቋጥኙ መሐል በጣቱ ሊበሳ ነው የሚለው። እኔ ገበሬ ነኝ። ከቋጥኙ በላይ ቆርጬ፣ በጎን አዲስ ቦይ አውጥቼ፣ ከቋጥኙ በታች እመልሰዋለሁ። ሐኪሙም ከራሳቸው ከአባባ እግር ሌላ ደም ሥር ወስዶ እንዲሁ ነው የሚያደርገው።»

ሽማግሌዎቹ ሁሉ ቦይ አውጥተው ስለሚያውቁ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጌታነህ ነገሩ እንደከበደው አይቶ «ይህ እኮ እግራቸውን ከላይ እስከ ታች መቅደድ ነው! ስንት ጊዜ ተኝተው ሊያገግሙ ነው?» አለ።

«አንተ ቸኩለህ የገዛኸው ጎማ አይደል መንገድ ያሳደረን?» አለው አበባው።

«ጎማውን ተውት» አሉ አቶ ምስጋናው። «የእግሩ ዋስ ትናገር።»

ላቀች ተነሣች። «ተከሳሹ ሳይጠየቅ ሊነፋም ሊቀደድም ነው እንዴ? ኪኒናቸውን ይዋጡ፣ ስኳራቸውን ይጠብቁ፣ በየቀኑ ይራመዱ። እግር የሚድነው በእግር ነው።»

«ጸበሉም አለ» አሉ ቄስ ወልደ ገብርኤል።

«ጸበሉን ማን ከሰሰው አባ?» አሉ አባባ። «እሱ ከየትኛውም ጋር ይሄዳል።»

ያን ጊዜ ተራዬ ደረሰ። እኔ ለማንም አልተከራከርኩም፤ በሁሉም ላይ ነው የተከራከርኩት። ፊኛው ተመልሶ ቢዘጋ፣ ቀዶ ጥገናው ቢያመረቅዝ፣ ከማደንዘዣው ባይነቁ፣ ሲራመዱ ቢወድቁ፣ ኪኒኑ ሆዳቸውን ቢያደማ። ስጨርስ ድንኳኑ ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ የየራሱን እግር ይዞ ነበር።

«ይህች ልጅ ሳትጨርሰን የሚያውቅ ሰው ይጠራ» አሉ አቶ ምስጋናው። ራሄል ዘንድ ደወልኩና ድምፁን ለሁሉም ከፍ አደረግሁት።

«እማ፣ ማን ሞተ?» አለች። ከእኔ ተምራ ነው።

«አያትሽ ሞተው ነበር፤ አሁን ተሽሏቸዋል» አለች ላቀች።

ራሄል ነገሩ ሲገባት ሳቀች፤ ከዚያ ግን በደንብ አስረዳች። «ባሉኑ፣ ፊኛው ማለቴ ነው፣ ቀላል ነው፤ ቶሎ ይነሣሉ። ግን ተመልሶ ሊዘጋ ይችላል፤ መድገም ሊያስፈልግ ይችላል። ባይፓሱ፣ ቀዶ ጥገናው ማለት ነው፣ ከባድ ነው፤ ቁስሉ እስኪድን ይቆያል፣ ለልብም ጫና አለው። ከተሳካ ግን ብዙ ጊዜ ረዘም ይላል። መራመዱና ኪኒኑ ከሁለቱም ጋር ግድ ነው፤ ለብቻቸው ግን ያንን ቁስል አያድኑትም።»

ላቀች «ተረታሁ» ብላ ተቀመጠች።

«ታዲያ ከሁለቱ የቱ ይሻላል?» አሉ አቶ ምስጋናው።

«በደም ሥራቸው ነው የሚወሰነው ጋሼ። ለባይፓሱ የሚወሰደው ሥር ወፍራምና ጤነኛ ከሆነ ባይፓሱ ይሻላል። ቀጭን ከሆነ ባሉኑ። በመሣሪያ ይታያል፤ አያምም፣ ቶሎ ያልቃል። ሐኪሙ ሊያየው ሲል ነው እኮ አባባ ተነሥተው የወጡት።»

አቶ ምስጋናው ቀስ ብለው ወደ አባባ ዞሩ።

«ደምሌ፣ ምስክር ሳያሰሙ ነው የወጡት?»

አባባ ስንቱን ሰው «ምስክር ጠልተህ ሸሽተሃል» ብለው የረቱ ሰው ናቸው። ጢማቸውን ያሹ ጀመር። ከዚያ ወደ ስልኩ ጎንበስ አሉ።

«ራሄል፣ ሁለቱም ባይሆኑስ?»

«ያኔ ይቆረጣል አባባ። ግን ምንም ሳያደርጉ ከተቀመጡም የሚሄደው ወደዚያው ነው። በቶሎ።»

እኔ ይህን ነገር በልቤ ስንት ጊዜ ብዬው ነበር፤ ከልጄ አፍ ሲወጣ ግን ማልቀስ እንኳ አቃተኝ።

«የሸሸሁት እሱን ነው» አሉ አባባ። «ተናጋሪ ይቁም ያልኩት ሰበብ ነበር። ያ ልጅ መሣሪያ ሲያነሣ ቢላዋ መሰለኝ።»

«እኔም ብሆን እሮጥ ነበር» አለች ላቀች። «ግን እርስዎ በዚያ እግር እንዴት አመለጧቸው?»

አባባ ራሳቸው ናቸው ቀድመው የሳቁት።

አቶ ምስጋናው ተነሥተው ፈረዱ። «ምስክሩ ደም ሥር ነው፤ ይሰማ። ወፍራም ነኝ ካለ የአበባው ይጽና፤ ቀጭን ነኝ ካለ የጌታነህ። ዋሶች አብረው ይሂዱ። ዛሬውኑ!»

እንዲህ ሆኖ በአንድ መኪና ጋቢናው ውስጥ ከሾፌሩ አጠገብ አባባና ቄሱ፣ ከኋላ እኔ፣ ላቀች፣ ሁለቱ ወንድሞቼና ላቀች ለለቅሶ ቤት የጋገረችው አነባበሮ ታጭቀን ባሕር ዳር ገባን። ሆስፒታሉ በር ላይ ዘበኛው «አስታማሚ አንድ ብቻ» ሲል ላቀች «እኔ አስታማሚ አይደለሁም፣ የእግሩ ዋስ ነኝ» አለችው። ሰውየው ምን ማለት እንደሆነ እስኪያስብ አለፈች፤ እኛም ተከተልናት።

ሐኪሙ አባባን አስተኝቶ የሚያዳልጥ ቅባት ቀብቶ መሣሪያውን ጭናቸው ላይ አንሸራሸረው። አበባው አንገቱን አስግጎ ማያውን ያያል፤ እርሻው ላይ ዝናብ ሲጠብቅ እንደዚያ አያይም። ሐኪሙ ግራውንም ቀኙንም አይቶ ጨረሰ።

«ቀጭን ነው። ለባይፓስ አይበቃም። ባሉኑን ነው የምመርጥላቸው።»

«ትንሽ ወደ ላይ አየት ብታደርገው» አለ አበባው።

«አበባው፣ ምስክር አይጠመዘዝም» አሉ አባባ በተኙበት። ጌታነህ የረታ ሰው ሊመስል ደረቱን ሲነፋ ደግሞ «አንተም አትኩራ፤ ያሸነፍከው በእኔ ቀጭን ሥር ነው» አሉት።

ሊያስገቧቸው ሲሉ ሐኪሙ የሚያስፈራውን ሁሉ ነገረን። የሚደማ አለ፣ የማይከፈትም አለ። ለሁሉም ራሴን ነቀነቅሁለት፤ እኔ ካሰብኩት ግማሹን እንኳ አልሞላም። በሩ ተዘጋ። ቄስ ወልደ ገብርኤል ዳዊት ይደግማሉ። ላቀች ለማያውቁን ሰዎች ሁሉ አነባበሮ ታድላለች። እኔ ግድግዳው ላይ ግንባሬን አስደግፌ ቆምኩ። ከውስጥ አልፎ አልፎ የአባባ ድምፅ ይሰማል፤ ሐኪሙን አግብቶ እንደሆነ እየጠየቁት ነበር። ድምፃቸው በጠፋ ቁጥር ትንፋሼ ይጠፋል፤ «ከአማትህ ጋር ትስማማለህ?» ሲሉ ይመለስልኛል።

ሲያወጧቸው ጭናቸው ላይ ትንሽ ፋሻ ብቻ ነበር። ነርሷ የእግራቸውን ጀርባ በጣቷ ፈለገች፤ ፈገግ አለችና የእኔን እጅ ስባ እዚያው ላይ አስቀመጠችው። «ይሰማሻል?» አለችኝ።

መጀመሪያ ምንም አልተሰማኝም፤ በቃ አለቀ አልኩ። ከዚያ ከጣቴ ሥር አንድ ነገር መታኝ። ቆይቶ ደግሞ መታኝ። ትንሽ ነው፤ ግን አይቆምም። እግሩም ሞቋል። የያዝኩት ለቅሶ መውጫ አጥቶ በሳቅ ወጣ፤ በዚያ ሁሉ በሽተኛ መሐል ጮኼ ሳቅሁ። አጠገባችን የተኙት ሴትዮ ለምን እንደምስቅ ሳያውቁ አብረውኝ ሳቁ።

«አሁን ልቀቂኝ እንጂ፤ ሰው ምን ይለናል?» አሉ አባባ።

«ትንሽ ይቆዩ። ደግሞ እኮ ተመልሶ ሊዘጋ ይችላል ብሏል። ለምርመራ መመላለስ አለብን፤ ኪኒኑንም አንድ ቀን እንኳ ቢዘነጉ...»

«እመላለሳለሁ፤ ኪኒኑንም እውጣለሁ» አሉ። «ዛሬ ግን እየመታ አይደል?»

«እየመታ ነው።»

«እንግዲያው ጣትሽን አንሺና ላቀች ጨርሳ ሳታድለው ከዚያ አነባበሮ ቁራሽ አምጪልኝ።»

ሄጄ አመጣሁላቸው። እሳቸው በአንድ እጃቸው ሲበሉ፣ እኔ በሌላ በኩል ዞሬ ጣቴን መልሼ እግራቸው ላይ አደረግሁ።